የኒሳው ዶቃ ነጋዴ

«ክር አልቋል ጌታው» አለች ኦርሶላ፣ ቀና ብላ ሳታየው።

ኦኖራት ባራሊስ እጁን ወደ ዶቃው እንደዘረጋ ቀረ።

ክር አልቋል ማለት ተነቅቶብናል ማለት ነው። ከተስማሙባቸው ቃላት ሁሉ ይህን አንዱን እንዳይሰማ ከብርዱ ወራት ጀምሮ ሲመኝ ነበር።

ዙሪያውን አላየም። ዞር ዞር ማለት የሚፈራ ሰው ሥራ ነው። አንድ ዘለላ ሰማያዊ ዶቃ አነሳና ጥራቱን እንደሚመረምር ነጋዴ ወደ ፀሐይ አቀናው። ከዶቃዎቹ መሃል አሻግሮ ተመለከተ።

የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። የገለባ ባርኔጣ አድርጓል። በእጁ ኮክ ይዟል። ኦኖራት ወደ ሰፈሩ ሲገባም ያው ሰው ያንኑ ኮክ ይዞ ነበር። አንድም ጊዜ አልገመጠውም።

ፖሊስ።

በካስቴሎ ሰፈር ሴቶቹ ሁሉ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ዶቃ ይሰካሉ። ጭናቸው ላይ ዶቃ የሞላ የእንጨት ገበታ፣ በእጃቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ የቀጫጭን መርፌ እቅፍ። መርፌውን ዶቃው ውስጥ ነከር፣ ነከር ያደርጉታል። አፋቸውም ሥራ አይፈታም።

«ኦርሶላ፣ ሰውዬው የሚገዛው ዶቃውን ነው ወይስ አንቺን?» አለች ከወዲያ በር አንዷ።

«ዶቃውን ነው። እኔንማ በነጻም የሚወስድ ጠፍቷል።»

ሳቁ ከደጅ ወደ ደጅ ተሸጋገረ። ኦኖራትም አብሮ ሳቀ። የሚስቅ ሰው ቶሎ አይጠረጠርም።

«ያዘዝኩሽስ?» አላት።

«ከሥር ነው። ከነጮቹ በታች። ቋጠሮውን እኔው ነኝ ያሰርኩት፣ እንዳይፈቱት።»

ለቬኒስ ፖሊስ ኦኖራት ከኒሳ የመጣ ዶቃ ነጋዴ ነው። ነጋዴነቱ ውሸት ነው፤ የኒሳ ልጅነቱ እውነት። ቶሪኖ ላሉት አለቆቹ «ወይራ» ይባላል። ኦርሶላ ስካርፓ ደግሞ «መርፌ» ናት። ባለፈው ዓመት፣ በሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ዘጠኙ ጦርነት፣ የቶሪኖው ንጉሥ ከፈረንሳይ ጋር ሆኖ ሚላኖን ከኦስትሪያ እጅ አወጣ። ጣሊያን አንድ አገር ልትሆን ነው ተባለ። ጦሩ ሚንቾ ወንዝ ሲደርስ ነገሥታቱ ታረቁ። ቬኒስ ከወንዙ ወዲህ ቀረች፣ እንደ ጥንቱ በኦስትሪያ እጅ።

የባሕሩን መግቢያ ኦስትሪያውያን ባሩድ በሞሉ በርሜሎች ዘግተውታል። በርሜሎቹን የሚያስጥሉት በግድ በያዟቸው የአገሩ ጀልበኞች ነው። ከእነሱ አንዱ ቤፒ ነበር፤ የኦርሶላ የሟች ባሏ ወንድም፣ «መቅዘፊያ»። ቤፒ የትኛው በርሜል የት እንደሰጠመ ለኦርሶላ ይነግራታል። እሷ ትሰካዋለች። ሰማያዊው ጥልቅ ውሃ ነው። ግራጫው ደለል። ጥቁሩ በርሜል። ክሩን ማንበብ የሚያውቅ የመርከብ አዛዥ ዓይኑን ጨፍኖ ቬኒስ ይገባል።

የጣሊያን ባንዲራ ቀለማት፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ፣ በክሩ ላይ አልነበሩም። ሦስቱን ጎን ለጎን የሰካች ሴት የካቲት ላይ ታስራ እስካሁን አልተመለሰችም።

ከቶሪኖ የመጣው ትዕዛዝ አጭር ነበር። «አጎቴ» የሚሉት አለቃቸው ነው የሰጠው። «ዶቃውን አምጣ። ሰው አታምጣ።»

ኦኖራት ዘለላዎቹን ወደ ናሙና ሳጥኑ ከተተ። ክዳኑን ዘጋ። አሁን መሄድ ነበረበት።

አልሄደም።

«ሻርፕሽን ልበሺ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለምን?»

«ሚስቴ ነሽ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ።»

መርፌዎቹ ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«እናንተ አገር መጠየቅ የሚባል ነገር የለም?»

«ባቡሩ ላይ እጠይቅሻለሁ።»

ገበታዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፣ አንድ ዶቃ እንዳይፈስባት። ከዚያ ሰፈሩ እንዲሰማ ጮክ አለች። «ቀዩ ከጓዳ ነው፣ ይግቡና ይምረጡ።»

«በሩን ክፍት ተይው እንጂ» አለች ያችው ጎረቤት። ሳቁ እንደገና ተነሳ።

የኮኩ ሰውዬ አልሳቀም።

*

ጓዳው ወደ ቦይ የሚከፈት የውሃ በር ነበረው። ቤፒ እንደ ወትሮው ጀልባውን አስጠግቶ እየጠበቀ ነው።

«ሁለት ናችሁ» አለ።

«ሁለት ነን» አለ ኦኖራት።

«አንድ ነበር የተባለው።»

«ተነቅቶብናል ቤፒ» አለች ኦርሶላ ጀልባው ውስጥ እየገባች። «ጣቢያ አድርሰን። የቀትሩን ባቡር እንይዛለን።»

ኦኖራት ቢሆን ባቡሩን አይናገርም ነበር። ግን የባሏ ወንድም ነው። ባሏ ሲሞት ዓይኑን የጨፈነለት እሱ ነው።

ቤፒ መቅዘፍ ጀመረ። በጠባቡ ቦይ፣ በተሰቀለው ልብስ ሥር፣ ዝም ብሎ ቀዘፈ።

በኋላ ኦኖራት ይህን ዝምታ ደጋግሞ ያስታውሰዋል። ቤፒ በተገናኙ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነበረው። «ዛሬስ ምን አልሆነም?» ይላል። የቬኒስ ሰው ሁሉ የሚቀልደው ቀልድ ነበር። የመንግሥቱን ጋዜጣ የሚያነበው ገልብጦ ነው። ጋዜጣው «ሕዝቡ ሰልፉን በደስታ ተቀበለ» ካለ፣ ሰዉ መስኮቱን ዘግቶ ውሏል ማለት ነው። «የዱቄት ዋጋ አይጨምርም» ካለ፣ ሴቶቹ ከረጢት ይዘው ይሮጣሉ። ጋዜጣው ተሳስቶ አያውቅም ይሉ ነበር፤ ሁልጊዜ ግልብጡ ነው።

ያን ቀን ቤፒ አልጠየቀም።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሲያወርዳቸው የኦርሶላን እጅ ይዞ ትንሽ አቆየው።

«ቅሪ» አላት።

«ቀርቼ ልታነቅ?»

እጇን ለቀቀ።

*

ባቡሩ ረጅሙን ድልድይ ሲሻገር ኦርሶላ ወደ ኋላ አላየችም። በእጇ ምንም አልያዘችም። ከካስቴሎ ቅዝቃዜ የተሠራች የምትመስል ሴት ነበረች፤ ደረቅ፣ ቀጭን፣ ጣቶቿ በመርፌ የተበሱ። ፊት ለፊታቸው አንድ ወፍራም ቄስ አንቀላፍቷል።

«ባል ስትሆንም» አለች በሹክሹክታ፣ «እንዲህ ዝም የምትል ነህ?»

«በመንገድ ላይ ነው። ቤት ስገባ እለፈልፋለሁ።»

«ቤትህ ምን ይመስላል?»

ኦኖራት መስኮቱን እያየ መለሰላት። ከባሕሩ በላይ ነው። ወይራ አለው። አባቱ የተከለው አለ፣ የአባቱ አባት የተከለው አለ። እናቱ በረንዳው ላይ ሆና በሰፈሩ ቋንቋ ከጎረቤት ትጣላለች፤ ቋንቋው ጣሊያንኛም አይደለም፣ ፈረንሳይኛም አይደለም። አባቱ ሲሞት ግን አንድ ነገር አስምሎታል። ጣሊያን የምትባል አገር አንድ ቀን ትቆማለች፤ ስትቆም ኒሳ ከውስጧ አትጠፋም፤ አንተም ከሚያቆሟት ውስጥ አትጠፋም።

«ጋዜጣው ኒሳ ለፈረንሳይ ተሰጠች ያለ ቀን» አለች ኦርሶላ፣ «ቤፒ ምን እንዳለ ታስታውሳለህ?»

«‹ኒሳ ተረፈች፣ ወይን አምጡ።›»

«አንተ ነህ የከፈልክ።»

«እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ቄሱ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ዘጋው።

«የኛ መርከቦች ሲመጡ» አለች ትንሽ ቆይታ፣ «እዚያ ባልሆንም፣ ክሩን እኔ እንደሰካሁት የሚያውቅ አንድ ሰው ይኖራል? ስሜን አይደለም። አንዲት ሴት ሰካችው ቢባል ይበቃኛል።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ሳጥኑ አየች፣ ከዚያ ወደ እሱ። የሆነ ነገር እንዲላት የምትጠብቅ መሰለው። ጥያቄው ምላሱ ላይ ነበር። ድንበሩን ከተሻገርን በኋላ ይሻላል አለ በልቡ። ያን ጊዜ የምር ይሆናል።

ቬሮና አለፈ። ሐይቁ በቀኝ በኩል ብቅ አለ።

ፔስኪየራ የመጨረሻው የኦስትሪያ ጣቢያ ነው። ከዚያ ወዲያ ወንዙ፣ ከወንዙ ወዲያ ጣሊያን።

ባቡሩ ቆመ።

ነጭ ለባሾቹ ወታደሮች መድረኩ ላይ ተሰልፈዋል። «ፓስፖርት» እያሉ በየፉርጎው ይገባሉ። ኦኖራት ሳጥኑን አነሳ። ኦርሶላ ክንዱን ያዘች፣ እንደ ሚስት።

ከፊተኛው ፉርጎ ሁለት ሰዎች ወረዱ።

አንደኛው የገለባ ባርኔጣ አድርጓል።

ሁለተኛው ቤፒ ነው።

*

የኬላው ክፍል ጠባብ ነበር። ጠረጴዛ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል፣ ወደ መድረኩ የሚከፈት በር። በሩ ክፍት ነው። ባቡሩ ሲተነፍስ ይሰማል።

ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ኮሚሳር ፔድሮቲ እባላለሁ» አለ በጥሩ ጣሊያንኛ። «ትሬንቶ ነው የተወለድኩት፤ አስተርጓሚ አንፈልግም። ይቀመጡ፣ ሙሴ ባራሊስ።»

«ሙሴ የሚባለው ፈረንሳይ ነው።»

«እኮ።»

ወታደሮቹ ሳጥኑን ገለበጡት። ገበሩን በቢላ ቀደዱ። የኦኖራትን ጫማ ተረከዝ ነቀሉ። የኦርሶላን ሻርፕ ጠርዝ ተረተሩ። ወረቀት ነበር የሚፈልጉት። ወረቀት አልነበረም።

ኦኖራት ቤፒን አየው። ቤፒ ግድግዳው ጋ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ስለ ዶቃው አልነገራቸውም። ቢነግራቸው በርሜሎቹን የቆጠረው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ የሚታነቀው እሱ ራሱ ነው። ሰዎቹን ሸጠ፣ ሚስጥሩን ግን ለገዛ አንገቱ ብሎ ደበቀው።

ኮሚሳሩ ዘለላዎቹን አንድ በአንድ አነሳ። ነጭ። ነጭ። ሰማያዊ። ከዚያ ያቺን አወጣት።

ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቁር። ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ጥቁር።

በጣቶቹ መሃል ቀስ ብሎ አሳለፋት። እንደ መቁጠሪያ።

«ሌሎቹ ሁሉ አንድ አንድ ቀለም ናቸው» አለ። «ይህቺ ለምን ተደባለቀች?»

«ለአረቦች ነው» አለች ኦርሶላ። «በቀይ ባሕር ወደቦች ዝንጉርጉር ይወዳሉ አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ያዘዙኝን እሰካለሁ።»

«ምናልባት» አለ ኮሚሳሩ። ክሩን ግን አላስቀመጠም። «ቬሮና እንዲህ ያለ ነገር የሚወድ አንድ መኮንን አለን። ይህንን ብሰጠው ደስ ይለዋል። ግን ችግር አለብኝ፣ ሙሴ ባራሊስ። ባለፈው ወር የአንድ የሊዮን ሐር ነጋዴ ጥቅል ፈታሁ። ቆንስላቸው ለቪየና ጻፈ፣ ቪየና ለእኔ ጻፈች። ፈረንሳዊንና የፈረንሳዊን ንብረት እንዳልነካ ታዝዣለሁ።»

«እኔ የኒሳ ሰው ነኝ። የንጉሡ ተገዢ ነኝ።»

«ጋዜጣ አያነቡም?»

«አነባለሁ።»

«ታዲያ?»

ኦኖራት ጋዜጣውን አንብቦታል። ገልብጦ።

«መጋቢት ላይ ተፈራረሙ» አለ ኮሚሳሩ። «ሚያዝያ ላይ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ ተባለ። በዚህ ወር ባንዲራው ወረደ፣ የፈረንሳይ ተሰቀለ። ለሚላኖ የተከፈለ ዋጋ ነው። ለእኔ ርካሽ ይመስለኛል። አንድ ወደብና ጥቂት የወይራ ዛፍ።»

«ውሸት ነው።»

«ወዳጅዎን ይጠይቁት።»

ኦኖራት ዞረ። «ቤፒ።»

«እውነት ነው» አለ ቤፒ ዓይኑን ከመሬቱ ሳያነሳ። «ግንቦት ላይ አንድ የኒሳ መርከበኛ አግኝቼ ነበር። እያለቀሰ ነገረኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ሥራውን ጥለህ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ ገና አልሸጥኳችሁም።»

«መቼ ነው የሸጥከን ታዲያ?» አለች ኦርሶላ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። የዳቦ ዋጋ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

«በአርባ ስምንቱ አመፅ የንጉሡ ሰዎች ይመጣሉ አላችሁ። ወንድሜን ቀበርኩ። ባለፈው ዓመት መርከቦቻቸው ደጃችን ድረስ መጡ። ሰገነት ላይ ወጥተን ባንዲራውን በዓይናችን አየነው። አለቀስን። ዞረው ሄዱ። አሁን ደግሞ ይመጣሉ ትላላችሁ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ደከመኝ ኦርሶላ። አንቺን እንዳይነኩሽ ተስማምቼ ነበር። ቅሪ አላልኩሽም?»

«የደከመህ ጊዜ ብትተኛ ምን ነበረበት?»

ኮሚሳሩ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ሴትዮዋ የንጉሠ ነገሥቱ ተገዢ ናት። ሚስትዎ አለመሆኗን የሟች ባሏ ወንድም መስክሯል። ትቀራለች። እርስዎን በተመለከተ ነገሩ በእጅዎ ነው። ጣሊያናዊ ነኝ ካሉ፣ በሰላይነት ተከሰው ከነሳጥንዎ ቬሮና ይሄዳሉ። ፈረንሳዊ ነኝ ካሉ፣ ሳጥንዎን ሰብስበው በዚያ በር ይወጣሉ።»

«ፓስፖርቴን ይዘዋል። የፈለጉትን ይጻፉበት።»

«ፓስፖርቱ የድሮ ነው።» ኮሚሳሩ ብዕሩን ቀለም ነከረ። «ከአፍዎ ልስማው። ሃያ ዓመት ሙሉ በገዛ ቋንቋዬ ከሃዲ ስባል ኖሬያለሁ። እናንተ ደግሞ ራሳችሁን ምን ብላችሁ እንደምትጠሩ አንድ ቀን መስማት እወዳለሁ።»

ባቡሩ ፉጨቱን ለቀቀ።

ኦኖራት ክሩን አየ። ጣሊያናዊ ነኝ ካለ ክሩ ቬሮና ይደርሳል። የሚያነብ ዓይን ያገኛል። በርሜሎቹ ይዛወራሉ። ኦርሶላ በከንቱ ትታነቃለች፣ እሱም አጠገቧ። ፈረንሳዊ ነኝ ካለ ክሩ ይሻገራል። እሷ ትታነቃለች፣ እሱ ይኖራል።

አባቱ ትዝ አለው። የሚሞት ሰው እጅ ምን ያህል እንደሚከብድ።

ቀና አለ። «እኔ ጣሊ...»

«በል» አለች ኦርሶላ።

ሁሉም ዞረው አዩአት።

«በል» አለች ደግማ፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ። «ምን ያሳፍርሃል? ሁላችንም የማንፈልገውን ስንባል ነው የኖርን።»

ክፍሉ ውስጥ ዝንብ ይዞራል። ውጭ ሰዎች ሻንጣ ያወርዳሉ።

«ፈረንሳዊ ነኝ» አለ ኦኖራት።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ተጫረ።

ዶቃዎቹን አንድም ሳይጥል ሰበሰበ። ለዚህ በኋላ ራሱን ይቅር ሊል አልቻለም። የተቀደደውን ገበር መለሰው። ያቺን ክር ከሥር፣ ከነጮቹ በታች አስቀመጣት። ወታደሮቹ ኦርሶላን በሌላው በር ሊያስወጧት ይዘዋታል።

«ባቡሩ ላይ እጠይቅሻለሁ ብለህ ነበር» አለችው። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አልጠየቅከኝም እኮ።»

ተረከዝ በሌለው ጫማ እያነከሰ ወጣ።

*

አለቃቸው «አጎቴ» ቶሪኖ ውስጥ፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ በሚያይ ክፍል ተቀምጦ ትኩስ ቸኮላት ይጠጣል። ራሰ በራ ነው። ክሩን ከኦኖራት እጅ ተቀብሎ አነበበው፤ እየደጋገመ አነበበው።

«ግሩም ሥራ ነው» አለ።

«አንዲት ሴት ናት የሰካችው።»

«ሰው አታምጣ ብዬህ ነበር።»

«አላመጣሁም።»

አጎቴ መሳቢያውን ከፈተ። ክሩን ከተተው። ዘጋው።

ኦኖራት መሳቢያውን እያየ ጠየቀ። «መርከቦቹ መቼ ይነሳሉ?»

«ዘንድሮ አይነሱም። ሁሉም ዓይን ሲሲሊ ላይ ነው። ወደዚያ የዘመቱትን የኛን ፈቃደኞች ሰምተሃል። ከርሞም አይመስለኝም።»

«ኦስትሪያውያን በየብርዱ በርሜሉን ያዘዋውሩታል።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ጊዜ ክሩ ምንድን ነው?»

«ዶቃ» አለ አጎቴ። ክፋት አልነበረበትም። ለእውነት ቅርብ የሆነውን ነው የተናገረው።

ኦኖራት ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

«ኒሳን እንደምትሰጧት ያውቁ ነበር?»

«ከብዙ ሰው በፊት።»

«እኔን ሳትልኩኝ በፊት?»

አጎቴ ከንፈሩን በመሐረብ ጠረገ። «አንተን የላክንህ ለዚያ አይደል? ብትያዝ ፈረንሳዊ ትሆናለህ። ፈረንሳዊ ደግሞ አይነካም። ብዙ አስበንበታል፤ ያው ሠራ።»

ኦኖራት ወንበሩን ያዘ። የመምታት ፍላጎት አልመጣበትም። ድካም ብቻ መጣ። ቤፒ ያለው ድካም ይህ እንደሆነ ገባው።

«ውሉ አንድ ዓመት ይሰጣል ይባላል» አለ። «ጣሊያናዊ መሆን የሚፈልግ የኒሳ ሰው መጥቶ ይፈርማል። ልፈርም።»

«ሌላው ይፈርማል። አንተ አትችልም።»

«ለምን?»

«ፔስኪየራ ላይ ያለፈው ፈረንሳዊ ዶቃ ነጋዴ ነው፤ በኦስትሪያ መዝገብ እንዲህ ተጽፏል። ነገ ተነስተህ የኛ ሰው ብትሆን፣ ያለፈው የኛ ሰላይ ነበር ማለት ነው። ፈረንሳይም ትቀየማለች፣ ኦስትሪያም ሰበብ ታገኛለች። ዘንድሮ ሰበብ አንሰጥም።» ተነስቶ በሩን ከፈተለት። «ወይራ የሚባል ሰው አልነበረም። ይህን ስልህ በክብር ነው።»

«ኦርሶላ ስካርፓ» አለ ኦኖራት በሩ ላይ ቆሞ። «የሰካችው ሴት ስሟ ኦርሶላ ስካርፓ ነው።»

አጎቴ አልጻፈውም።

*

ኦኖራት ጄኖቫ ወደብ በርሜል ሲያንከባልል ከረመ። የዓሣ በርሜል፣ የዘይት በርሜል። ማንም ስሙን አልጠየቀውም፤ «አንተ አንካሳ» ይሉታል፣ ጫማውን አሠርቶ እንኳ ማነከሱ አልለቀቀውም ነበርና።

መኸር ሲገባ ከቬኒስ የመጣ መርከብ ዓሣ የተጠቀለለበት ጋዜጣ አመጣ። ያው የመንግሥቱ ጋዜጣ። ኦኖራት ዘይቱን በእጁ ጠርጎ አነበበው። ከታች፣ ከእህል ዋጋው ሥር፣ አንዲት ትንሽ ዜና ነበረች። በማንቶቫ ምሽግ ታስራ የነበረችው መበለት ኦርሶላ ስካርፓ፣ ዶቃ ሰኪ፣ በወባ ሕመም ሞታለች።

በርሜሉ ላይ ተቀመጠ።

ገልብጦ ለማንበብ ሞከረ። ጋዜጣው ሞተች ካለ አልሞተችም። ሌላ እስር ቤት አዛውረዋታል። ወይም አምልጣለች፤ ሻርፗን ተከናንባ በአንዱ በር ወጥታለች። አሁን የሆነ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መርፌውን ነከር፣ ነከር ታደርጋለች። ደጋግሞ አነበበው። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበው። ቤፒ አጠገቡ ቆሞ «ዛሬስ ምን አልሆነም?» የሚለው መሰለው።

ግን ይኸው ጋዜጣ ስለ ኒሳ የጻፈው እውነት ነበር።

ወረቀቱን አጣጥፎ ዓሣው ላይ መለሰው።

በማግስቱ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። እናቱ በሕይወት ካለች ያያታል፤ ከሌለች ወይራው አለ። ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

ከቬንቲሚሊያ ወዲያ፣ ድሮ ምንም ያልነበረበት መንገድ ላይ፣ አዲስ ኬላ ቆሟል። ሳንቃው ገና የእንጨት ሽታ አለው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሎሚ የጫኑ ሴቶች፣ አንድ ሰው ከነፍየሉ፣ ልብስ ሰፊ ከነማሽኑ። ሁሉም በኒሳ ቋንቋ ይነጫነጫሉ።

ተራው ደረሰ። ጸሐፊው ወጣት ፈረንሳዊ ነው። ቀና ብሎ አላየውም።

«ስም?»

«ኦኖራት ባራሊስ።»

«የትውልድ ቦታ?»

«ኒሳ።»

ጸሐፊው «ኒስ» ብሎ ጻፈ።

«ሥራ?»

«ዶቃ እሸጥ ነበር።»

«ዜግነት?»

ኦኖራት ወደ ታች፣ ወደ ባሕሩ አየ። ከሰልፉ ኋላ ፍየሉ ጮኸ። አንዲት ሴት ቅርጫቷን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና «ምን ሆኖ ነው የቆመ?» አለች።

«በል እንጂ» አለ ጸሐፊው፣ ብዕሩን እንደያዘ።

ፔስኪየራ ላይ ያለውን ያንኑ ቃል ደግሞ አለ።